ጠባችን ከመቅጃው እንጂ ከጸበሉ አይሁን

ክረምት ገብቶ የአቃቂ ወንዝ ሲደፈርስ በቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን ሰፈሮች ስለ ኮሌራ የሚያስጠነቅቅ የጤና መልእክት ይበዛል። ሞንታርቦ የጫነች መኪና እጅ ታጠቡ፣ ውሃ አክሙ፣ ጥሬ አትብሉ እያለች ታልፍና መጨረሻ ላይ «ከጎጂ ልማዳዊ አመለካከት እንቆጠብ» የምትል ነገር ጣል ታደርጋለች። ሦስቱ ምክሮች ትክክል ናቸው። አራተኛዋ ግን የቀደሙትን ታበላሻለች፤ ሰሚው «ጸበሌን ነው? ጸሎቴን ነው?» ብሎ ይቆጣል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ክሎሪን ቢነገረው ጆሮ አይሰጥም።

የኮሌራ ባክቴሪያ ከሰገራ ወጥቶ በውሃ፣ በምግብ፣ በእጅና በዕቃ ዞሮ በአፍ ይገባል። በሽታውን የላከው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የፈለገውን መልስ የያዘ ሰው፣ ውሃ የሚቀዳበትን መንገድ ከለወጠ ብዙውን አደጋ ያመልጣል። ትምህርታችን ግን የሚጀምረው ከሌላኛው ጫፍ ነው፦ መጀመሪያ እምነትህን አስተካክል፣ ከዚያ ጣሳህን። እኔ ጣሳው ይቅደም ባይ ነኝ።

ለነገሩ ሰው የማያምነን በጸበሉ ምክንያት ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በሽታው አዲስ አበባ ሲገባ በይፋ የተነገረው ስም አተት፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ነበር። ስሙ ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይናገርም። ተቅማጥ ደግሞ በከተማ ዳርቻ እንግዳ አይደለም፤ ልጆቿን በየክረምቱ ሲያስቀምጣቸው ያየች እናት ምን አዲስ ነገር መጣ ብላ ትደንግጥ? በ2011 ዓ.ም. ኮሌራ በስሙ ሲጠራም «ያኔስ ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ መከተሉ የማይቀር ነበር። አንዴ በስሙ ላይ የተጠራጠረ ሰው በኋላ ስለ መጠንና ስለ ጠብታ ሲነገረው በግማሽ ጆሮ ነው የሚሰማው።

ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ሲሞት «መጋኛ መታው» በሚሉትም ለመሳቅ አንቸኩል። ከባድ ኮሌራ የያዘው ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊወጣው ይችላል፤ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። መጋኛ የሚያገኘው ወንዝ ዳርና ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ነው የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች ምክንያቱን እንጂ ቦታውን አልሳቱም።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። አምስት ስድስት ተከራይ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አንድ ቧንቧ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት። በተቋረጠበት ሰዓት የመስመሩ ግፊት ስለሚወርድ፣ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ቦታ በዙሪያው ያለው እድፍ፣ ከጎኑ የሚያልፈው ፍሳሽ ሳይቀር፣ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ለመጠጥ የሚታመን አይደለም። ሰው ግን ፈረቃው እንዳያመልጠው ጎማውን በርሜል ውስጥ ጥሎ ይተኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ባልዲዎች ለመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ለይቶ፣ ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ጎማውን ወደ በርሜሉ ማዞር ዋጋው ጥቂት እንቅልፍ ነው።

በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል፣ አፉ ሰፊ ነው፣ ክዳኑ ላይ ጣሳ ተቀምጧል። ጣሳው የሁሉም ነው፤ ለቡናም፣ ለድስቱም፣ ልጅ አጸዳድታ እጇን ልትታጠብ ለመጣችውም እናት። ጣሳው ሲጠልቅ ጣት እስከ አንጓው አብሮ ይጠልቃል። ውሃው ከለገዳዲም ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ቢመጣ እንኳ በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥር ክሎሪኑ እየደከመ ይሄዳል፤ ጣቱ የጨመረበት ግን ይቀራል። «የሕፃን ሰገራ ምን ጉዳት አለው» የሚባለው ነገር ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ኮሌራ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳያማቸው ወይም ቀላል ተቅማጥ ብቻ ኖሯቸው ባክቴሪያውን ለቀናት ያወጣሉ፤ ሕፃንም ከዚህ አይለይም።

መፍትሔው የበርሜሉን ውሃ ለልብስና ለወለል ትቶ የመጠጡን በ20 ሊትር ጀሪካን መለየት ነው። የጀሪካን አፍ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ ይንቆረቆራል እንጂ አይጠለቅበትም። በርሜሉን መተው የማይችል ደግሞ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ቧንቧ ያስበጅለት፤ ዝቃጩ ታች ይቀራል፣ ጣሳውም ሥራ ይፈታል።

ክሎሪኑን በተመለከተ፣ ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ ተብሎ የተዘጋጀው፣ እንደ ውሃ አጋር ያለው፣ ይመረጣል፤ መጠኑም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። እሱ ሲጠፋ ሽታ፣ ቀለምና ሳሙና ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 20 ጠብታ፣ ይበቃል። ከፋርማሲ የሚገዛ ስሪንጅ መለኪያ ይሆናል። ከዚያ በደንብ አማስሎ 30 ደቂቃ መጠበቅ። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ልኬቱ ላይ ነው። በክዳን እየተለካ ሲጨመር መጠኑ ብዙ እጥፍ ይሆንና ውሃው አፍ ያቃጥላል፤ «መርዝ ጨመሩብን» የሚለው ወሬ መነሻ ያገኛል፣ ቤተሰቡም ክሎሪን የሚባል ነገር ዳግመኛ አይነካም። በሌላ ቤት ደግሞ በረኪናው በሃይላንድ ተገልብጦ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው፤ ጠብታው ቢቆጠርም ጉልበት የለውም። ማወቂያው አፍንጫ ነው፦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለው አንድ ጊዜ ይደገማል።

ውሃው ከደፈረሰ ጭቃው ክሎሪኑን ስለሚበላው መጀመሪያ ይጠለላል፣ ከዚያ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። በባንግላዴሽ ገጠር ሴቶች አሮጌ ሳሪያቸውን ስምንት ድርብ አጣጥፈው የኩሬና የወንዝ ውሃ እንዲያጠልሉበት ተደርጎ ኮሌራው ወደ ግማሽ ቀንሷል። አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል፤ እየታጠበ የሳሳው ክር ስለሚፍተለተል ቀዳዳው ይጠባል። ያረጀ ነጠላ የሌለው ቤት የለም፣ ጭቃውን ለመያዝ ይሞከርበት። የክሎሪንን ቦታ ግን አይተካም።

ማፍላትም ይሠራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለኮሌራ ከበቂ በላይ ነው፤ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ችግሩ የፈላው ውሃ ተመልሶ ጣሳ በሚጠለቅበት ባልዲ መቀመጡ ነው። ቡናውም እንደዚያው። ጀበናው ፈልቷል፣ ሲኒው ግን በአንዲት ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ተለቅልቆ ለሚቀጥለው ሰው ይቀርባል። ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ቢፈስበት የቡናው ሥርዓት ምንም አይጎድልበትም።

ስለ ፌጦ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ብዙ አልልም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝም ገበያ የወጣው ሰው መጀመሪያ የጠየቀው እነሱን ነበር። ፌጦው አይገድልም፤ የተበጠበጠበት ውሃ ግን ሊገድል ይችላል። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጨሰውም ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ ነው፤ ጭሱ ኮሌራን አያባርርም፣ ቆሻሻው ተጠርጎ መሰብሰቡ ግን ዝንብ ይቀንሳል።

ጸበሉ ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል። በፍልሰታ ሰው ከነሐሴ 1 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ይውላል፣ ወቅቱም የዝናቡ ጣሪያ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ውስጥ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ኮሌራ ገብቶ እንደነበር የሚታወስ ነው። ብዙ ሕዝብ ለቀናት በሚያድርበት ቦታ መጸዳጃ ካልተቆፈረ፣ ዝናቡ ዳገቱን አጥቦ ወደ ምንጩ ያወርደዋል። እዚህ ላይ ሄዶ «ጸበሉን ዝጉ» ማለት ተሰብሳቢውን ወደ ሌላ ምንጭ መበተን ነው። ከአባቶች ጋር ተነጋግሮ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፦ መጸዳጃው ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ወደ ቁልቁለቱ ይሁን፣ እግር ከሚገባበት ገንዳ ሳይሆን ከቱቦ ላይ ይቀዳ፣ በሰንሰለት የታሰረችው የጋራ ኩባያ ትነሳና ሁሉም በየራሱ ዕቃ ይጠጣ። ምንጩ ራሱ ከተበከለ ክሎሪን ይጨመር ወይስ ለጊዜው ይቁም የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ እሱንም አብሮ የሠራ ሰው ነው ሊያነሳው የሚችል።

ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ የተለመደ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሰው ግን ይህ የቀረውን ጨው ጠራርጎ ማውጣት ይሆናል። በዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ መንገድ አላት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ያኔ እንጦጦ ማርያም መድኃኒታቸውን ትተው ለጸበል የወጡ ብዙዎች ነበሩ። ለኮሌራ የተለየ መከራከሪያ መፈለግ አያሻም፤ ጸበሉን የተጠመቀ ኦ አር ኤሱን፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ድብልቅ፣ ይጠጣ።

ኦ አር ኤስ ላይም ስህተቱ ዕቃው ላይ ነው። አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ነው፣ እቤት ያለው ሃይላንድ ግን ግማሽ ሊትርም፣ ሁለት ሊትርም ይሆናል። በግማሽ ሊትር የተበጠበጠ ጨው ሕፃንን ይጎዳል፤ በሁለት ሊትር የቀጠነ አይጠቅምም። ከረጢቱን ለሁለት ከፍሎ በብርጭቆ መበጥበጥም ጨውና ስኳሩ እኩል ስለማይከፈል አይሆንም። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ እንጂ ሳይከመር። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

«ሲጠጣ ይብስበታል» የሚሉት እናቶች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ኦ አር ኤስ ተቅማጡን አያቆምም። የወጣውን ይተካል። ይህን ቀድሞ ያልነገራቸው የጤና ሠራተኛ በሁለተኛው ቀን እምነታቸውን ያጣል፤ እነሱም ማስቆሚያ ፍለጋ ፋርማሲ ይሄዱና ለኮሌራ የማይሠራውን መድኃኒት፣ ፍላጂልን፣ ይዘው ይመለሳሉ። ሕክምና ጣቢያ የሚደርሱት ዓይን ከጎደጎደ፣ ቆዳ ሲቆነጠጥ ተሸብሽቦ መቅረት ከጀመረ፣ ሽንት ከጠፋ በኋላ ነው። አንዳንዱ እዚያው ይሞታል፤ ሰፈሩም «የገባ አይወጣም» ይላል፣ ቀጣዩ ታማሚም ይበልጥ ዘግይቶ ይመጣል። በጊዜ የደረሰ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። በሕክምናው ድንኳን ደጃፍ ላይ መለጠፍ ያለበት ድነው የወጡት ሰዎች ቁጥር ነው፣ በየቀኑ።

ለቅሶ ቤት ላይ ግን ዝም የሚባል ነገር የለም። በኮሌራ የሞተ ሰው አስከሬን ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ፈሳሹም ይተላለፋል። የገነዘ ወይም ጀናዛ ያጠበ ሰው በሳሙና በደንብ ይታጠብ፣ በዚያ ቀን ንፍሮም ወጥም አይንካ። የተበከለ ወለል በ0.5 በመቶ ክሎሪን ይታጠባል፦ 1 ኩባያ 5 በመቶ በረኪና በ9 ኩባያ ውሃ። ንፍሮው ራሱ የተቀቀለ ነው፤ የሚበከለው ሁሉም ከአንድ ሰፌድ በእጁ ሲዘግን ነው፣ ስለዚህ በጭልፋ ይታደል። እጅ ማስታጠቡን ደግሞ እናውቅበታለን። ከማንቆርቆሪያ እየፈሰሰ እድፉ ሳፋ ላይ ይቀራል፣ ውዱእም እንደዚሁ ነው። የሚበላሸው ሰው ሲበዛ ማንቆርቆሪያው ቀርቶ ሁሉም አንድ ባልዲ ውስጥ እጁን መንከር ሲጀምር ነው።

ይህን ሊያስቆም የሚችለው የእድር ዳኛ ነው፤ ሞንታርቦ የጫነችው መኪና ለቅሶ ቤት አትገባም። እድሩ ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና ሳህን አለው፤ በመዝገብ ተቆጥሮ፣ በኃላፊ ቁልፍ ተይዞ። እዚያው መዝገብ ላይ ቧንቧ የተገጠመላቸው ሁለት በርሜሎች፣ አንድ ካርቶን ሳሙና፣ ቀኑ ያላለፈ በረኪናና ስሪንጅ ይጨመሩ። ድንኳኑ ሲወጣ አብረው ይውጡ።