በአየር ላይ የምንጋፋ የድሬ ሰዎች ሆይ

የድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ዛሬ የምወቅሳችሁ በዓይን ስለማይታይ ነገር፣ ስለ ሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ወቀሳውም ከራሴ ይጀምራል። አሜሪካ ያለች እህቴ የላከችልኝን ገመድ አልባ የቤት ስልክ ለሁለት ዓመት ስጠቀምበት፣ በማን መንገድ ላይ እንደቆምሁ አልጠየቅሁም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ይህ ዓይነት ስልክ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋ ኸርዝ ባለው ሞገድ ይሠራል፤ በእኛ የዓለም ክፍል ግን ያው ሞገድ የሦስተኛው ትውልድ ሞባይሎች ወደ ኔትወርክ ማማው ለሚልኩት ድምፅና መረጃ የተመደበ ነው። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ከዘመድ ስጫወት የጎረቤቴ ጥሪ ታፍኖ ቀርቶ ይሆናል፤ እሱ ግን የሚራገመው ኔትወርኩን ነበር።

ከዚህ የባሰው ቡስተር የሚባለው የኔትወርክ ማጉያ ነው። በወፍራም ግንብ ቤት የሚኖር ሰው ኔትወርክ ሲያጥረው ከገበያ ይገዛና አንዱን አንቴና ጣሪያው ላይ፣ ሌላውን ኮርኒሱ ሥር ይሰቅላል። ሁለቱ ሲቀራረቡ መሣሪያው የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ፣ በሠርግ ድንኳን ማይክሮፎን ከድምፅ ማጉያ ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው፣ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ለጆሮ ሳይሰማ ማማውን ያደነቁረዋል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሁሉ ኔትወርክ ይደክማል፤ ጎረቤትም መድኃኒት ያገኘ መስሎት ሌላ ቡስተር ይገዛል።

ሞገድ እንደ ጉድጓድ ውሃችን ተቀድቶ አያልቅም፤ ነገር ግን አንዱን ሞገድ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ሁለት ሰው እንዳሻው ሳይረባበሽ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ውስንነቱም እዚህ ላይ ነው። ዝቅተኛው ሞገድ ርቆ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ከፍተኛው ብዙ መረጃ ይሸከማል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ሁሉም የሚሻማው መካከለኛውን ነው። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ድርሻ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ሲሆን፣ ከ108 ጀምሮ ያለው አውሮፕላኖች ወደ ማረፊያው የሚመሩበትና ከተቆጣጣሪው ጋር የሚነጋገሩበት ነው። አውሮፕላን ማረፊያችን ከከተማው ጋር የተያያዘ መሆኑን እያወቅን፣ በቅጡ ያልተስተካከለ ማሰራጫ ማቆም ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይደለም። ሞገድ በጅቡቲ ድንበር ደወሌ ኬላ ላይ ፓስፖርት ስለማይጠየቅ፣ እንደ እኛ ለድንበር በቀረበ ከተማ የሚፈጠር ጥፋት ጎረቤት አገርም ሊደርስ ይችላል፤ አገሮች በ1984 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የኤፍ ኤም ድልድል የተስማሙትም ያለ ምክንያት አይደለም።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሞገዱን የሚያስተዳድረው በአደራ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ዎኪ ቶኪ ለጥበቃ ሠራተኞቻችሁ የምታድሉ ነጋዴዎች ይህን አደራ ትሸራርፋላችሁ። ፈቃድ ይዛችሁ ዓመት ሙሉ የማትጠቀሙበት ድርጅቶችም ከእነርሱ አትሻሉም፤ የእናንተስ ዝም ብሎ የተዘጋ በር ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ምን እንደሆንን የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። እንደዚያ ያለ ሌሊት ቢደገም፣ የሚያስጠነቅቀው ድምፅም ሆነ የድረሱልኝ ጥሪው የሚያልፈው እኛ በምናጣብበው በዚሁ አየር ላይ ነው።

እኔ ስልኩን ነቅዬ ካርቶኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። አንድ የሰፈራችን ወጣት «ካልፈለጉት ይሽጡልኝ» ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን አስረድቼ እምቢ አልሁት፤ እንደ ንፉግ ቆጥሮኝ ሄደ።