ሴት ብታውቅ እኛ አለንላት

የሰሜን ሸዋ ሰው ለጋስ ነው፣ በዚህ አትከራከሩኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ልባችን ግን ሙቅ ነው። ሴት ልጅ አንድ ቁም ነገር ሠርታ ከተገኘች በዋዛ አናልፋትም። እዚያው በቆመችበት እንሾማታለን፤ «እሷ እኮ ወንድ ናት!» ደሞዝ የለውም፣ ወንበር የለውም፣ ግን ማዕረግ ነው።

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ አንድ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠራን። ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው የበጋቸው ስርቆት ክስ እንዴት እንዳለቀ ያወጉናል። መጀመሪያ ቢሮ ሲገቡ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችውን ወጣት «የኔ ልጅ፣ ዐቃቤ ሕጉ መቼ ነው የሚገቡት?» አሏት። ዐቃቤ ሕጉ እሷ ነበረች። ችሎት ላይ ተከሳሹ በጉን ከግልገልነቱ ጀምሬ ያሳደግኩት የራሴ ነው ብሎ ድርቅ ሲል «ምልክቱ የትኛው ጆሮው ላይ ነው?» አለችው። «ግራው» አለ። ቀኙ ላይ ነው። አለቀ! ጋሼ በደስታ ወጥተው ማንን ሳሙ? በር ላይ የቆመውን ፖሊስ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ጌታ!» ልጁ ራሱ ግራ ገባው አሉ።

«እሷንስ?» አልኳቸው።

«እሷማ ወንድ ናት፣ ምን ምስጋና ያሻታል!»

ይሄ ጥበብ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ኒው ዮርክም ያውቁበታል። እንደ ፈረንጆቹ በ1935 ከተማዋን ወንበዴ ሰቅዞ ሲይዛት ቶማስ ዲዊ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተሾመና 20 የሕግ ባለሙያ ቀጠረ። ሴት አንድ፣ ጥቁር አንድ። ሁለቱም ያችው ዩኒስ ካርተር ናት። በአንድ ደሞዝ ሁለት ኮታ መሙላት፣ ቁጠባ ማለት ይሄ ነው።

ወንዶቹ ትልልቁን ሽፍታ ሲያሳድዱ ለእሷ የደረሳት ስለ ሴተኛ አዳሪዎች የሚመጣውን የሰፈር አቤቱታ መስማት ነበር። እሷ ግን ቀድሞ የሴቶች ጉዳይ በሚታይበት ፍርድ ቤት ስትሠራ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ አርፏል። የሚያዙት ሴቶች የሚናገሩት ቃል ያው፣ ጠበቃው ያው፣ ዋሱ ያው፣ መጨረሻውም ያው፤ በነፃ መሄድ። ከኋላ አንድ እጅ አለ አለች። ዲዊ መጀመሪያ አልዋጠለትም፣ ኋላ ላይ ግን እሺ አለ። ክሩ ሲተረተር የማፊያው አለቃ ላኪ ሉቺያኖ ጋ ደረሰ፤ በ1936 ከ30 እስከ 50 ዓመት ተከናነበ።

ከዚያማ ወግ ነው፣ ችሎት ላይ ቆሞ የተናገረው ዲዊ። ስሙ የገነነው ዲዊ። የኒው ዮርክ ገዢ የሆነው ዲዊ። በ1944 እና በ1948 ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደረው ዲዊ። ሁለቴም ተሸነፈ። (ያንን ፋይል ለእሷ አልሰጣትም መሰለኝ።)

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረታችንን በበርኖስ ጠቅልሎ እዚያ ድረስ ማን እንዳደረሰላቸው እንጃ፣ ግን አንዲት ፊደል ሳያጓድሉ ነው የሠሩበት።

ይሄንን ሁሉ ለጋሼ ተረኩላቸው። ቁርስ ቆሎውን እየቆረጠሙ በጥሞና ሰሙኝ፣ ራሳቸውንም ነቀነቁ።

«ጎበዝ ነው እባክህ!»

«ማን?»

«ዲዊ ነዋ!»

ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጃቸው ጀበናው ጋ ተቀምጣለች። ቀና ሳትል «አባዬ፣ ያወቀችው እኮ እሷ ናት» አለች።

ጋሼ ደስታቸውን የት ያድርጉት! ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ወደኛ ዞሩ።

«አያችኋት? ይቺም ወንድ ናት!»

ወንዱም ጀበናውን አነሳችና ቶናውን ቀዳችልን።