ይድረስ ለኮች (coach) ለምትባለው ቃል፣ ባለህበት

ጉዳዩ፦ የሥራ ድርሻህን እንድታሳውቅ ስለመጠየቅ

ድሬዳዋ አንቱታ አይሆንላትምና አንተ እያልን ብንጽፍልህ ቅር አይበልህ።

ሜዳ ዳር ቆመህ ስትጮህ ኮች ነህ። የእንግሊዝ ባቡር ላይ ኮች፣ የአሜሪካ አውሮፕላን ላይ ኮች፣ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የመብራት እንጨት ላይ ተለጥፈህም ኮች። በስንት መታወቂያ ነው የምትኖረው?

ዘርህን ስለምናውቅ አትኮፈስብን። የሀንጋሪ ገጠር ልጅ ነህ፤ በቪየናና በቡዳ መካከል ያለች ኮች የምትባል መንደር በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቀለል ያለ ባለአራት እግር ሠረገላ እየሠራች ስሟን ሰጠችህ። (አጠራሩን ከእንግሊዝ ይልቅ እኛ ጠብቀንልሃል፤ ምስጋናው ይቆየን።) ያኔ ሥራህ ግልጽ ነበር፤ ፈረስ ይጎትታል፣ አንተ ትጭናለህ።

ያበላሸህ ኦክስፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ተማሪዎች ሰነፉን ተሸክሞ ፈተና የሚያሻግረውን አስጠኚ በስምህ ጠሩት። በ1860ዎቹ ደግሞ ስፖርት ውስጥ ገባህ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያስቆምህ ጠፋ። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡር ከጅቡቲ ሲደርስ ፉርጎ የሚለውን ከፈረንሳይ ወስደን ሰውም ዕቃም ጫንበት። ፉርጎ ግን አንድም ቀን አሰላለፍ አውጥቶ አያውቅም።

ጥፋትህ ይህ ነው፦ እንግሊዝ አገር ያለ ዘመድ «ኮቹ በ6 ይነሳል» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የስልኩ ተርጓሚ «አሰልጣኙ በ6 ሰዓት ይሄዳል» ይለናል። የሚነሳው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው፤ የጠዋት 6 ደግሞ በእኛ 12 ሰዓት። በቀትር ጣቢያ የተገኘ መንገደኛ አውቶቡሱንም አሰልጣኙንም አያገኝም። የባቡር ትኬት ላይ ከስምህ ቀጥሎ ፊደል ካለ የፉርጎው መለያ ነው። አሜሪካ የበረራ ትኬት ላይ ከተገኘህ ግን ርካሹ መቀመጫ ነህ፤ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ነው።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልተቻለው «የሕይወት ኮች» የምትባለው ነህ። ጎማ የለህ፣ ሜዳ የለህ፣ የምታሻግረው ፈተና የለህ፤ ሒሳብ ግን በቅድሚያ። የመጋላ ሰፈር ባጃጅ እንኳ ብሩን ከመቀበሉ በፊት «ወዴት?» ብሎ ይጠይቃል።

ስለዚህ በየማስታወቂያህ ላይ መነሻህን፣ መድረሻህንና የሻንጣ ቦታ መኖር አለመኖሩን እንድትገልጽ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለፉርጎ፣ ለአስጠኚ፣ ለአሰልጣኝ
እንድታውቁት