የአስጠኚ ያለህ!

የአዲስ አበባ ወላጅ ምስጋና ሲያንሰው ነው። ለልጁ ትምህርት የማይሆነው የለም። ይበደራል፣ ዕቁብ ያስቀድማል፣ ወርቅ ይሸጣል። ደብተር ገልጦ ማየት ብቻ ነው የሚከብደው፤ እሱንም ቢሆን ሰው ቀጥሮ ያሳያል።

የፋሲካ ዶሮ ተበልቶ ሲያልቅ ሰፈራችንን ብታዩት! ከመስከረም ጀምሮ «ጥናት እንዴት ነው?» ብሎ የማያውቅ አባት ድንገት ባንኖ የመብራት ምሰሶ ማንበብ ይጀምራል። «ቤት ለቤት እናስጠናለን፤ ከኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል፤ ሁሉንም ትምህርት» ይላል ወረቀቱ። ምሰሶዎቹም ይመስገኑ፤ ሽቦ ለመሸከም ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ቀን ሥራ ፈት ነበሩ። «ሁሉንም ትምህርት» የምትለዋን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ከሰዓት ሀ ሁ ሲያስቆጥር ውሎ ማታ ካልኩለስ የሚያስረዳ ሰው ያለን እኛ ብቻ ነን።

ምሰሶ ማንበብ የሚደብረው ደላላ ጋ ይደውላል። ደላላው አሁን ስሙ ኤጀንሲ ሆኗል፤ ከአስጠኚው የመጀመሪያ ወር ክፍያ ላይ ድርሻውን ማንሳቱን ግን አልቀየረም።

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ሄጄ የቅጥር ሥነ ሥርዓቱን በዓይኔ አየሁ። ልጇ ዘንድሮ 12ኛ ነው። የመጣው አስጠኚ ከአምስት ኪሎ ነው፣ ከሲታ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ስንተኛ ዓመት ነህ?»

«ሦስተኛ ዓመት፣ ሲቪል ነኝ እትዬ።»

«ማትሪክ ስንት አመጣህ?» ነገራት። ወደ እኔ ዞር ብላ ቅንድቧን አነሳች። «ትማታለህ?»

ልጁ ስኒውን ቁጭ አደረገ። «ኧረ አልማታም።»

«ትንሽ ትንሽ እንኳ ተማታ እንጂ፤ የኔው ካልፈራ አይገባውም።»

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ተባለ። ዋጋ ጠራ፤ እሷም እንደ ሽንኩርት ተከራከረችው። በመጨረሻ ቀነሰላት። ታዲያ ማን ያለ ምራቂ ገዝቶ ያውቃል? «በል እንግዲህ ትንሿን መርቅልኝ። አራተኛ ክፍል ናት፤ ዳር ላይ ቁጭ ትላለች፣ አትረብሽህም።» እሺ አለ። ለምን እዋሻለሁ፣ ሁለተኛው ምራቂ የኔ ልጅ ነው። እኔም ብልጥ ወላጅ ነኝ።

ጥናቱ እንዴት እንደሚካሄድ ልጄን ሳደርስ አይቻለሁ። ባለ ጉዳዩ ተማሪ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ይዞ ቲክቶክ ያያል። አስጠኚው ወርክሺት ይሠራል። በየመሃሉ «ቲቸር፣ ይቺን ብቻ» ይባላል። ይቺ ብቻ፣ ይቺ ብቻ እያለ ገጹ ያልቃል። የልጁን የእጅ ጽሑፍ እንኳ አጥንቶት 7 ቁጥርን እንደሱ መሃሏን መሰረዝ ጀምሯል። የወላጅ ድርሻም አለ፤ ሻይና ዳቦ ማቅረብ፣ ሰዓት መጠበቅ። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቦርሳውን ካነሳ፣ «ዛሬ ደግሞ የት ልትሄድ ነው?»

አንዳንዱማ የክፍል መምህሩን ራሱን ይቀጥራል። ቀን ክፍል ውስጥ ያልገባው ማታ ሳሎን ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይገባዋል፤ ምስጢሩ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ይህን የመሰለ ሥርዓት ዘርግተን ሳለ ያጨናገፈን ማን መሰላችሁ? ትምህርት ሚኒስቴር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ጠርቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ ፈተናቸው፤ አስጠኚ ግን ከበር ተመለሰ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ። በዓመቱ ደግሞ 3.2 በመቶ። እኛ ሰፈር ነገሩ ወዲያው ነው የገባን፤ በሳምንት ሦስት ቀን አይበቃም ማለት ነው። ስለዚህ አምስት ቀን አደረግነው።

ባለፈው ሐሙስ ልጄን ልወስድ ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። ጎረቤቴ የፊዚክስ ወርክሺት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆማለች። አስጠኚው መሬት መሬት ያያል።

«ከአሥር ዘጠኝ! ምን ሆነህ ነው አንዷን የሳትካት?»

«የመለኪያ አሃዱን ሳልጽፍ ረስቼ ነው፣ ይቅርታ እትዬ።»

«እንዲህ ሲሆን እንግዲህ መነጋገር አለብን።»

ተማሪው ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «ተዪው በቃ እማዬ፤ በሚቀጥለው ያሻሽላል» አላት።