የአምስት ዓመቱ የሕግ ዲግሪ ጠበቃ ያደርጋል?

አንድ ጠበቃና አንዲት የሕግ መምህርት በጽሑፍ ተከራክረዋል።

ጠበቃው፦ አያደርግም! ቢሮዬ አንድ ምሩቅ ለልምምድ መጥቶ ነበር። እሳት የላሰ ልጅ ነው። ቀላል የብድር ገንዘብ ክስ አዘጋጅ አልኩት። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ውል ምንነት ተነተነልኝ። ስንት ብር ይከፈለን፣ ወለዱ ከመቼ ጀምሮ ይታሰብ የሚለው ግን የለም። «የሚጠየቀው ዳኝነት»፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ ምን ይወሰንልን የሚለው ቦታ፣ ባዶ ነው። ልጁ ላይ አልፈርድም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ልደታ ያለው ችሎት በአማርኛ! መቃወሚያን (ተከሳሽ ክሱ ላይ የሚያነሳውን ተቃውሞ) እና ጣልቃ ገብን (መብቴ ይነካል ብሎ በሌሎች ክርክር የሚገባውን ሰው) ያስረዳችው የቢሮዬ ጸሐፊ ናት።

መምህርቷ፦ ጸሐፊዋ ቅርጹን ታውቃለች፣ አልክድም። ግን አንድ ደንበኛ መጣ እንበል። ቤት ገዝቷል፣ ውሉ ላይ ሦስት ምስክር ብቻ ፈርሟል፤ ሻጩ ግን ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አዋዋይ ፊት ይደረግ ይላል። በዚህ ቁጥር ላይ የሰበር፣ ማለትም የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት፣ ትርጉም አለ፤ ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ደግሞ የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ታዲያ ምን ብለን እንክሰስ? ውሉ ይፈጸምልኝ ወይስ ገንዘቤ ይመለስልኝ? እዚህ ላይ የሳተ ሰው ክሱን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢጽፈው ደንበኛውን ገደል ይከታል። ይህን ከጸሐፊዋ አይማረውም።

ጠበቃው፦ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፣ መምህርት። ግን ለዚህ አምስት ዓመት? ዲግሪው ብቻውን ፈቃድ እንኳ አያሰጥም። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሥራ ልምድም፣ የጥብቅና ፈተናም ይጠበቅበታል። ቤተሰብ «ልጃችን ጠበቃ ሆነ» ብሎ ይደግሳል፤ ልጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ይውላል።

መምህርቷ፦ ድግሱን እኔ አልጠራሁም! ልምዱና ፈተናው የመጣው የሰው ቤትና ነፃነት እጁ ላይ ስለሚወድቅ ነው። በቋንቋው ግን እስማማለሁ። የክስ አጻጻፍ ትምህርት በችሎቱ ቋንቋ ይሰጥ፦ ባሕር ዳር በአማርኛ፣ ጅማ በአፋን ኦሮሞ። ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የሚያገለግሉ ተማሪዎች አቅም ለሌለው ባለጉዳይ አቤቱታ ይጽፋሉ። እነሱን ወስደው ይሞክሯቸው። አምስቱን ዓመት ግን አይንኩብኝ።

ጠበቃው፦ ይላኩልኝ፣ የሚጽፉትን ክስ ራሴ አየዋለሁ። በአምስቱ ዓመት ግን አልተረታሁም።