ካሜራውን ተዉትና ፊልሙን አሳዩን

ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ እየሄድኩ ሾፌሩ የከፈተው ሬዲዮ ላይ አንዲት እናት ደወሉ። ልጃቸው ፊልም መማር ይፈልጋል። የትኛው ኮሌጅ ይሻለዋል ብለው ጠየቁ። እንግዳ ሆኖ የቀረበው "የፊልም ባለሙያ" ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። አዲስ ካሜራ ያለበትን ይፈልጉ አላቸው። ቲዎሪ የሚያበዙትን ይለፏቸው አለ። በመጨረሻም፣ ለነገሩ ትልልቆቹ ዳይሬክተሮች መች ትምህርት ቤት ገቡ ብሎ ሳቀ። አዘጋጁም አጀበው። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ።

እናትየው አመስግነው ዘጉ። እኔ ግን ሜክሲኮ እስክደርስ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር። 11 ዓመት ኤዲቲንግ ላይ ነው ያሳለፍኩት። ሌላው አበላሽቶ የመጣውን ማቃናት ነው እንጀራዬ። በዚያ ላይ የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛን ጨርሳ የፊልም ኮሌጅ እያሰሰች ነው። የሬዲዮውን ምክር እሷም ሰምታዋለች።

ከመጨረሻዋ ልጀምር። ትልልቆቹ አልተማሩም የምትለዋ ወሬ ከየት እንደመጣች እንጃ። የኛውን ትልቅ ሰው እንውሰድ። ኃይሌ ገሪማ መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር ተማረ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊልም ተማረ። ይህ ሳያንሰው ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ፊልም አስተማረ። "ድፍረት" የተባለውን ፊልም የሠራው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረው። በ2015 እ.ኤ.አ. ፊልሙን ካን ፌስቲቫል ያደረሰው ያሬድ ዘለቀ ደግሞ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ። ታዲያ ያልተማሩት ትልልቆች የታሉ? እርግጥ ካሜራ ተሸክመው እየሠሩ የተማሩ የአገር ቤት ዳይሬክተሮች አሉ። አከብራቸዋለሁ። ግን የተማሩት በተመልካች ገንዘብ ነው፤ ሦስት አራት ፊልም አበላሽተው። ዛሬ ለ18 ዓመት ልጅ ማን ነው ሦስት ፊልም አበላሽ የሚለው?

ቲዎሪ ይቅር የምትለዋም ከዚያችው ናት። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራ ካሜራው ሁለቱን የሚያገናኘውን የማይታይ መስመር ዘልሎ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላል። የአንድ ሰዓት ትምህርት ናት። እሷን ያልተማረ ሰው የቀረጸው ትዕይንት ስንቴ እጄ ላይ ወድቆ እንዳደረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ካሜራውስ? ኃይሌ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን ተማሪ ሳለ እዚህ መጥቶ ሲቀርጽ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። 50 ዓመት ገደማ ሆነው፤ ዛሬም ይታያል፣ ዛሬም ያከራክራል። አንድ ኮሌጅ የዛሬ አምስት ዓመት "አዲስ" ብሎ የገዛው ካሜራ ግን ዛሬ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ደግሞ በዚህ ከተማ ካሜራ ይከራያል። ለቀረጻው ቀን ትከራያለህ፣ ማታ ትመልሳለህ። በነገራችን ላይ፣ የሬዲዮውን እንግዳ የሚያውቅ ጓደኛዬ ስለ ሰውየው ሥራ ነገረኝ። ካሜራ አከራይ ነው። ደላላን ቤት ልግዛ ወይ ብሎ መጠየቅ ማለት ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ኮሌጆች ልናይ ወጣን። የኮሌጆቹን ስም አልጠራም። ፒያሳ አካባቢ ያለው ኮሌጅ ወደ አንድ የመስታወት ቁምሳጥን ወሰደን። ካሜራው ውስጥ ተቀምጧል። ተቆልፏል። ቁልፉ ዲኑ ጋ ነው፣ ዲኑ ወጥቷል። ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? 40። የተግባር ጊዜስ? በሳምንት ሁለት ሰዓት። እዚያው ቆመን አሰላነው። ለአንድ ተማሪ ሦስት ደቂቃ! ሌንስ ገጥመህ ሳትጨርስ ተራህ ያልፋል።

ሜክሲኮ ጋ አራተኛ ፎቅ ወጣን። ሊፍቱ አይሠራም። ተማሪዎቻችሁ ጀምረው የጨረሱትን አንድ ፊልም አሳዩን አልናቸው። ተያዩ። ከዚያ የምረቃ ቪዲዮ ከፈቱልን። ጋዋን፣ አበባ፣ ከላይ በድሮን የተቀረጸ ሰልፍ። የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን ነፋስ ነው። ፉፉፉ። የፊልም ኮሌጅ፣ በራሱ ምረቃ ቀን፣ የማይክ ስፖንጅ ጠፍቶበት!

ኮሌጅ ስትመርጥ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ ብባል ድምፅን ነው የምጠይቀው። ድምፅ የሚያስተምረው ማነው? ስንት ወር? ተማሪዎቹ ቡም ማይክ፣ ያ በረጅም ዘንግ ከተዋናዩ በላይ የሚያዘው ማይክ፣ ይዘው ያውቃሉ? ምስል ሲበላሽ ተመልካች ሆን ተብሎ ነው ብሎ ያልፍሃል። ድምፅ ሲበላሽ አያልፍህም። ፒያሳ ሲኒማ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ፉጨቱ የሚጀምረው ድምፅ ሲጠፋ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ድምፅ ለመቅዳት አስቸጋሪ ከተማ ናት። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስታዲየም ጋ ባቡሩ ያልፋል። የታክሲ ረዳቱ ሜክሲኮ ሜክሲኮ ይላል። ጀነሬተር ይነሳል። የኮሪደር ልማቱ ግሬደር የፍቅር ትዕይንትህ መሐል ይገባል። ዳይሬክተሩ ምን ይላል? "ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል።" አይስተካከልም! ከሦስት ወር በኋላ ተዋናይዋን ስቱዲዮ ጠርቼ ያንኑ ለቅሶ እንደገና አልቅሺ እላታለሁ። ታለቅሳለች፤ ግን ሌላ ለቅሶ ነው። ተመልካች ምን እንደሆነ ባይገባውም የሆነ ነገር ውሸት እንደሆነ ይሰማዋል።

ባዶ ክፍል እንኳ የራሱ ዝምታ አለው። ቀረጻ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ፀጥ ብሎ ለአንድ ደቂቃ ዝምታውን መቅዳት ነው። እኔ ኋላ ክፍተቱን የምደፍነው በእሱ ነው። ያቺን ደቂቃ ቀድቶ ያመጣልኝን ሰው በእጄ ጣቶች ቆጥሬ እጨርሳለሁ። ሌላም አለ። ሰው ቤት ስትቀርጽ ፍሪጅ ይጮሃል፤ ታጠፋዋለህ። ስትወጣ ትረሳዋለህ፣ የሰውየው ሥጋ ይበላሻል። አስተማሪዬ ያስተማረኝ ዘዴ ፍሪጁን አጥፍቶ የራስን ቤት ቁልፍ ውስጡ ማስቀመጥ ነው። ቁልፍህን ሳትይዝ ቤትህ አትገባም፣ ስለዚህ አትረሳውም። ይሄ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል ትሉኝ ይሆናል። ይገኛል። አይቶ የሚያደርገው ግን አላጋጠመኝም፤ ክፍል ውስጥ ተቆጥቶ የሚያስደርግ አስተማሪ ያስፈልጋል። ካየኋቸው የአማርኛ ፊልሞች ግማሹን የገደለው ታሪኩ ሳይሆን ድምፁ ነው። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ኮሌጁ ፈቃድ እንዳለው አጣሩ። ተማሪ መንገድ ላይ ካሜራ ሲያወጣ ፖሊስ ደብዳቤ አምጣ ይለዋል፤ ኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል ወይ በሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ፕሮዳክሽን ማስተርስ ይሰጣል፤ ግን ማስተርስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፣ ለእህቴ ልጅ ገና ነው። እስከዚያ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት ቢደርሳት አልጠላም። ተዋናይን ማናገር የሚያውቅ ዳይሬክተር ከስንት አንድ ነው።

ሦስተኛው ቦታ አራት ኪሎ ነበር። ትንሽ ግቢ። ቢሮውም ክፍሉም ዝግ ነው። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ።

"ማንም የለም፣ ልጆቹ ቀረጻ ወጥተዋል" አሉን። "መምህሩም አብረዋቸው ናቸው። የኔን ወንበር ሳይቀር ለፊልም ብለው ወሰዱት።"

የእህቴ ልጅ ዞራ አየችኝ። "ጋሼ፣ እዚህ ልመዝገብ?"

ማክሰኞ ኑ ብለውናል። እንሄዳለን፤ የቀረጹትን እናያለን። ድምፁንም እንሰማለን።