ቄጠማ ይዘን ወደ ዝዋይ

ከቤተሰብ ጋር አሳ ለማጥመድ ወጥታችሁ የምር አሳ ያጠመዳችሁ ካላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። የለም አይደል? ገምቼ ነበር።

ይሄን የምጽፈው እሁድ ጠዋት ነው። ትናንት ከዝዋይ ተመልሰናል። አፍንጫዬ በፀሐይ ተልጧል። ኮሪደሩ ላይ ያልታጠበ የዶሮ ወጥ ድስት ተቀምጧል። አዎ፣ የዶሮ ወጥ። አሳ ልናጠምድ፣ ወደ ሐይቅ፣ ዶሮ ወጥ ይዘን ሄድን። እደርስበታለሁ።

ጣጣው የሚጀምረው ከአድራሻችን ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ወደ ግንፍሌ ወረድ ብሎ። ዘመድ ግን በአራቱም ማዕዘን ተበትኗል። እህቴ አያት ናት። አጎቴ ኮልፌ። የባለቤቴ እህት ጀሞ። አማቴ ሽሮ ሜዳ። ታዲያ ጉዞ በተባለ ቁጥር መነሻው የት ነው? እኛ ቤት። ለምን ሲባል "መሃል ናችሁዋ!" ጀሞ ያለ ሰው ወደ ደቡብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይመጣል። እኛ ቤት ሻይ ይጠጣል። ሽንት ቤት ይገባል። ቻርጀር ይለምናል። ከዚያ በመጣበት አቅጣጫ ተመልሶ ወደ ቱሉ ዲምቱ ይወርዳል። "መንገድ ላይ እንገናኝ" ብትሉ ደግሞ ቤተሰብ የምትጠሉ ትሆናላችሁ።

ለምን ዝዋይ አትሉኝም? ቢሾፍቱማ ቅርብ ነው፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐይቅም ሞልቷል፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ራሱ። ነገር ግን አብዛኛው ዳርቻ ሎጅ ነው። ውሃውን ለማየት መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ለመቀመጥ ምግብ ታዛላችሁ። ዘንግ ይዞ የመጣ ሰው ሲያዩ ጥበቃዎቹ መጥረጊያ የያዘ ይመስል "ምን ልትሠራበት ነው?" ይሏችኋል። የሰፈራችን ወንዝ አሳ ቢኖረው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ከግንፍሌ ድልድይ ላይ መንጠቆ ብትጥሉ የምታወጡት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው።

እና ለልጄ ቃል ገብቻለሁ። ሰባት ዓመቱ ነው። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝን የማጥመጃ ዘንግ ቁምሳጥን ላይ ባየ ቁጥር "አባዬ መቼ ነው?" ይለኛል። ስለዚህ ዝዋይ፣ ባቱ አልኩ። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሁን ከሞጆ ወዲያም የፍጥነት መንገድ ስላለ በጊዜ ከወጣችሁ ከሁለት ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም።

በጊዜ ከወጣችሁ። እዚህ ላይ ልቁም። ቤተሰቤ ያልገባው ነገር ይሄ ነውና።

የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ነው፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 3 ሜትር እንኳን አይሞላም። ሰፌድ በሉት። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይነሳል። ጠዋት ፀጥ ብሎ የዋለ የሚመስለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። ጭቃው ከሥር ይታመስና ውሃው የወተት ሻይ ይመስላል። አስጋሪዎቹ ይሄን ጠንቅቀው ያውቃሉ። መረባቸውን ማታ ይጥላሉ፣ ሲነጋጋ ያወጣሉ። እናንተ ቁርስ ስትበሉ እነሱ ዳር ላይ አሳ እየገፈፉ ነው። ስለዚህ ጀልባም ሆነ ዘንግ የጠዋት ሥራ ነው። ይሄን ሁሉ በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ በድምፅ አስረዳሁ። አራት ደቂቃ ተናገርኩ። "ሌሊት 11 ሰዓት እንነሳለን፣ አስጋሪዎቹ ቆመው አይጠብቁንም" አልኩ። ሁሉም አውራ ጣት ሰጠኝ። ከፍቶ ያዳመጠው አንድ ሰው ብቻ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ። እሷም ባለቤቴ ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

11 ሰዓት ላይ የተገኘነው እኔ፣ ልጄና የሚኒባሱ ሹፌር ነን። ሹፌሩ ተኝቷል። አጎቴ 12 ተኩል ላይ ደረሰ። "መንገዱ ተዘጋግቶ" አለ። ቅዳሜ! በዚያ ሰዓት! ከኮልፌ አራት ኪሎ! አማቴ 1 ሰዓት ላይ መጡ፤ እሳቸውን አልወቅስም፣ ኪዳን አድርሰው ነው። እህቴ ከነልጆቿ ለ2 ሩብ ጉዳይ። እፎይ ብለን መኪና ውስጥ ገባን። በሩ ተዘጋ። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። እህቴ ጭንቅላቷን ያዘች።

"ውይ! ዳቦው!"

ሌሊቱን ሙሉ የጋገረችው ድፎ ዳቦ አያት፣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። እንተወው አልኩ። በትልቁ ተቆጡኝ። ጎረቤቷ ተደውሎላት ዳቦውን ላዳ ላይ ጫነችው። ድፎ ዳቦው ብቻውን፣ በኮባ እንደተጠቀለለ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ መንገደኛ መጣ። በ45 ደቂቃ ደረሰ። ከቤተሰቡ ሁሉ በተባለው ሰዓት የተገኘው እሱ ብቻ ነው።

3 ሰዓት ከ10 ላይ ተነሳን።

መኪናው ውስጥ ያለውን ዕቃ ልቁጠርላችሁ። ሁለት ድስት። ከሰል። ምድጃ። ረከቦት ከነስኒው። ምንጣፍ። የጀነሬተር ያህል ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር። እና አማቴ ጭናቸው ላይ እቅፍ ሙሉ ቄጠማ። ዓርብ ዕለት ሾላ ገበያ ነው የገዙት። የዝዋይን ዳር ያየ ሰው ይፍረደኝ። ዙሪያው ቄጠማ ነው! ደንገልና ቄጠማ ውሃው እስኪሸፈን ነው የበቀለበት። "እማማ፣ እዚያ እኮ ሞልቷል" አልኳቸው። "የማላውቀውን ቄጠማ አልጎዘጉዝም" አሉኝ። የእኔን ዘንግ የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠፍቶ እስከ ሞጆ በመስኮት አጋማሹ ወጥቶ ሄደ።

ሞጆ ላይ ቁርስ። 50 ደቂቃ። ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።

ዝዋይ ስንደርስ 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስለዚህ ምን ደረሰ? ምሳ። የአገሬ ሰው በምሳ ሰዓት ምሳ እንጂ ሌላ አያውቅም። ምንጣፉ ተነጠፈ። ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ ከሐይቁ ቄጠማ 20 ሜትር ርቀት ላይ። ዶሮው ወጣ። አጠገባችን ሰው ሁሉ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጥብስ እየቆረጠመ ነው። ጀርባው ተሰንጥቆ፣ ጥርት ብሎ የተጠበሰ። እኛ ዶሮ። "አሳ መክሰስ ነው እንጂ ምግብ ነው እንዴ?" አለ አጎቴ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያችንን ቆመዋል፤ ካፖርት የደረቡ ጡረታ የወጡ ዳኞች ይመስላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ መጥቶ የአጎቴን ቅልጥም ከሳህኑ ላይ አንስቶ ሄደ። ያለ ማጋነን የቀኑ ምርጥ ሰዓት እሱ ነበር።

ልጆቹ ውሃው ውስጥ ካልገባን ብለው አለቀሱ። ዝዋይ ቢልሃርዝያ አለበት፣ አይገባም አልኩ። "አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታከብዳለህ" ተባልኩ።

ከዚያ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስተኛው ሳይጠጣ መነሳት ነውር ነው። በረካ ሲያልቅ 9 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ነፋሱ ተነስቷል። የስፒከሩን ዘፈን እያወዛወዘ ይወስደዋል። ውሃው ላይ ነጭ ነጭ አረፋ ይታየኛል።

ወደ ጀልባ ሄድን። እኛ 14 ነን። የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ስምንት ነው። ለምን አልኩ። "ውሃው እኮ ጥልቅ አይደለም፣ ጋሼ" አለኝ ጀልባ ነጂው። ልክ ነው፣ ጥልቅ አይደለም። ግን የእኔ ቁመት 1 ሜትር ከ68 ነው። ሦስት ሜትርም ሆነ ሠላሳ ሜትር ለእኔ ያው ነው። ጃኬቱ ለደረሰው ብቻ ብዬ በሁለት ዙር እንድንከፈል አደረግሁ። በዚህም ቅሬታ አለ፤ "አብረን ፎቶ ሳንነሳ!"

አማቴ ቱሉ ጉዶ ካልሄድኩ አሉ። ከአዲስ አበባ የወጡት ለእሱ ነበር ለካ። ደሴቱ ላይ ያለችው የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ ያረፈችበት ናት ተብሎ ይነገርላታል። እሳቸው ይሄን ከልጅነታቸው ነው የሚያውቁት። ነጠላቸውን አስተካክለው ጀልባው ጋ ቀድመው ቆመዋል። ጀልባ ነጂው ወደ ሐይቁ እያሳየ "እማማ፣ ነፋሱን አያዩትም? ቱሉ ጉዶ ሩቅ ነው። ለዚያማ በጠዋት ነበር መምጣት" አላቸው።

በጠዋት ነበር መምጣት!

ዞር ብዬ ሁሉንም አየኋቸው። አንድም ሰው አላየኝም። እህቴ የልጇን የጫማ ክር ማሰር ጀመረች። ጫማው ክር የለውም። አማቴ ግን ምንም አላሉም፤ ወደ ደሴቱ አቅጣጫ ሦስቴ አማተቡና ተመልሰው ተቀመጡ። ለእሳቸው አዘንኩ፣ ከምሬ።

ጀልባው በየዙሩ ዳር ዳሩን 20 ደቂቃ አዞረን። ሁለት የጉማሬ ጆሮ አየን። አለቀ።

ዘንጌን የያዝኩት 10 ሰዓት ላይ ነው። አስቡት፤ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል የተነሳ ሰው። ገና ትሉን መንጠቆው ላይ ሳደርግ አጎቴ "አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ስድስት ጊዜ ነው ያለው። ቆጥሬያለሁ። ቀጥሎ ፎቶ መጣ። "እስቲ አንዴ ልያዘው።" ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ባሏ። ከዚያ ሁለቱም። መንጠቆው ውሃ አልነካም፣ ክሩ ተቆላልፏል፣ ስፒከሩ ጀርባችን ላይ ይጮሃል፣ ማሙሽ የተባለው የእህቴ ልጅ ድንጋይ ይወረውራል። አሳው ደንቆሮ ነው እንዴ?

በመጨረሻ ሰለቻቸውና ሄዱ። እኔና ልጄ ብቻ ቀረን። ክሩን ፈታሁ። ወረወርኩ። ልጄ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ፣ ትንፋሽ አላሰማም። ቁምሳጥን ላይ እያየ ዓመት የጠበቀው ይሄን ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆየን። እና ክሩ ሳበኝ!

እጄ ተንቀጠቀጠ። ቀስ ብዬ ጠቀለልኩ። ልጄ "አባዬ! አባዬ! አባዬ!" ይላል። ወጣ። አምባዛ ነው። ክንድ የምታክል፣ ጢማም፣ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ። በሕይወቴ ያጠመድኩት የመጀመሪያ አሳ። ልጄ ዘለለ። ሁሉም እየሮጠ መጣ።

አማቴ ከሩቅ ነው ያዩት። "ቅርፊት የለውም! አይበላም! መልሱት!"

ልክ ናቸው። ኦሪት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ይላል፣ የእኛ ቤት ደግሞ ይሄን ይጠብቃል። እኔም አምባዛ ቀምሼ አላውቅም። ግን ልበላው መቼ ወጣሁ? ልጄ እንዲነካው፣ ጢሙን እንዲቆጥር፣ ራሱ ወደ ውሃ እንዲለቀው ነበር የፈለግሁት። አንድ ደቂቃ ብቻ። "ማዕድ አጠገብ አታምጡት" ሲባል፣ እህቴ ስትጮህ፣ ልጆቹ ሲሸሹ፣ አጎቴ ሰባተኛውን ዘንዶ ሲያወራ፣ አሳዋ ከእጄ ሙልጭ ብላ ወደ ሐይቁ ተመለሰች። ፎቶ እንኳን የለኝም። ያን ሁሉ ሰው ዘንጌን አስይዤ ፎቶ ሳነሳ ውዬ፣ የእኔን አሳ ያነሳ አንድ ሰው የለም።

ልጄ እስከ መቂ አለቀሰ።

ከመነሳታችን በፊት ከአስጋሪዎቹ አምስት ኪሎ ቆሮሶ ገዙ። በክር አንጠልጥለው ተሰልፈው ፎቶ ተነሱ። ዛሬ ጠዋት ፌስቡክ ላይ አየሁት፤ "ከዝዋይ ያጠመድነው" ይላል። 84 ሰው ወዶታል። አሳው ያለው ግን የት ነው? እኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ። ማታ 3 ሰዓት አራት ኪሎ ደርሰን ሁሉም ከዚሁ ተበተነ፤ መሃል ነና። "ይህን ነገር ነገ እንወስደዋለን" እያሉ ድስቱንም፣ ከሰሉንም፣ አሳውንም ጥለውብን ሄዱ። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ ይበላል። ግን ያ ቅርፊት ዛሬ የእኛ እቃ ማጠቢያ፣ የእኛ ግድግዳና የባለቤቴ ፀጉር ላይ ነው።

ይሄን ስጽፍ ስልኬ ጮኸ። የቤተሰቡ ቴሌግራም። እህቴ ናት፣ የዳቦዋ። "ትናንት እንዴት ደስ ይል ነበር! በሚቀጥለው ላንጋኖ። እዚያ ቢልሃርዝያ የለም፣ ልጆቹ ይዋኛሉ። እንደተለመደው አራት ኪሎ፣ ሌሊት 11።"

ዘጠኝ አውራ ጣት ተሰጥቷታል። አንዱ የእኔ ነው። እኔ አልነካሁትም፤ ልጄ ነው ስልኬን ወስዶ የጫነው። አሁን ቁምሳጥኑ ሥር ወንበር እየገፋ ነው።